የኔታ እሺ አሉ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 — ቡሬ

ዛሬ አንጎል አስተማርኩ። አስራ አንደኛ «ሐ»። ነጩ ቾክ አለቀብኝና ግማሹን አንጎል በቢጫ ሣልኩት። ከላይ የተጨማደደው ሽፋን... ኮርቴክስ። ከኋላ ማየት፣ ከጎን መስማት፣ አናት ላይ እጅና እግርን ማዘዝ። በግራ በኩል፣ ከግንባር ወደ ጆሮ ሲመጡ፣ ንግግር የሚወጣበት ቦታ፤ ብሮካ ይባላል። ከሱ ወደ ኋላ ደግሞ የሰማነው የሚገባን ቦታ። ልጆቹ ስሙን እንደ ታክሲ ረዳት ተቀባበሉት። «ብሮካ የሞላ! ብሮካ አንድ ሰው!» ቀልደኛ ሁላ።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቅኔ የቱ ጋ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን የለኝም... የቅኔ መምህር ልጅ ሆኜ! «ቅዳሜ የኔታን እጠይቃለሁ» አልኩት። «የኔታ ማን ናቸው?» አሉ። አባቴ ናቸው ስል ጭራሽ ባሰባቸው። ምን ላድርግ፣ ተማሪዎቻቸው መሃል ነው ያደግሁት፤ አፌን የፈታሁትም በዚያ ነው። «አባባ» ብላቸው ራሳቸው የሚደነግጡ ይመስለኛል።

ስወጣ ወንዳወቅ በር ላይ ቆሟል። የእህሉ ነጋዴ። አይሱዙውን እንዳስነሳ «ቲቸር አደይ፣ ላድርስሽ?» አለኝ። ቤቴ ማዶ ይታያል እኮ! «አመሰግናለሁ፣ እግር አለኝ» አልኩት። ሳቀ። አይናደድም ሰውየው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 — ፍኖተ ሰላም

ቤት ገባሁ። የኔታ ዋርካው ሥር ጉባኤ ላይ ነበሩ። አንድ አዲስ ተማሪ ቆሞ ቅኔውን ይናገራል... ይንተባተባል... ላብ አጠመቀው። ሌሎቹ ጉሮሯቸውን መጠራረግ፣ መሳሳቅ ጀመሩ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይናገር!» ሁሉም ጭጭ። ልጁ እንደ ምንም ጨረሰ።

ይቺ «ይናገር!» የሳቸው ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። ቀስ ብለው፣ ሳብ አድርገው ነው የሚሏት፤ እንደ ዜማ።

አንዱ ደግሞ የቅኔው መጨረሻ ቤት ጠፍታበት «የኔታ፣ በሞቴ፣ እርስዎ ይስጡኝ» ብሎ ተለማመጠ። «አፍህ የት ሄዶ?» አሉት። በቃ። ለተማሪ ቅኔ ቆጥረው ሰጥተው አያውቁም፤ ራሱ ያውጣው ነው።

የቡሬውን ልጅ ጥያቄ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «እኔ ቅኔ ስቆጥር እዚህ ያሳክከኛል» አሉ፣ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ እያከኩ። «ለልጁ እንዲህ በይው።» እንዲህ እያሉ ነው እንግዲህ ሰው የሚያስቁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20 — ቡሬ

አጎቴ አያ ስመኘው ደወሉ። የኔታ ጉባኤ ላይ ወደቁ። መኪና የለም፣ መንገድ ተዘግቷል... እግዚአብሔር ሆይ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25 — ፍኖተ ሰላም

መንገዱ ሲከፈት በወንዳወቅ አይሱዙ መጣሁ። ሌላ መኪና አልነበረም። ሂሳብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። ያቺን «እግር አለኝ» ያልኳትንም አላነሳብኝም። ጨዋ ነው... ምን ይደረግ።

የኔታ ሆስፒታል ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው አልጋው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተጋድሟል። አፋቸው ወደ ግራ ሄዷል። «የኔታ፣ እኔ ነኝ፣ አደይ» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። አፋቸው ታገለ... ታገለ... ታገለ... «እሺ» አሉ።

«ያምዎታል?» «እሺ።» «ውሃ ላምጣ?» «እሺ።» ሳመጣ በግራ እጃቸው ገፉት። ውሃ አልፈለጉም ነበር። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ!» ይቆጡኛል። በእሺ ይቆጡኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስትሮክ አለ። በግራ በኩል የደም ሥር ተዘግቶ፣ ንግግር የሚያወጣው ክፍል ሳይጎዳ አልቀረም። «ባሕር ዳር ሄደው ሲቲ ስካን ቢነሱ ጥሩ ነበር...» አለና በመስኮት አሻግሮ አየ። መንገዱን ማለቱ ነው። ለኔ ግን የታየኝ ሰሌዳው ነው። ቢጫው ቾክ። እዚያው ጋ... ጣቴን አሳርፌ ያሳየሁበት። የእጅና የአፍ ማዘዣ ጎረቤታሞች ናቸው ብዬም አስተምሬ ነበር። አንዱ ሲጎዳ ሌላውም... ለካ እውነት ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሀብትነሽ «መጋኛ ነው የመታቸው» አሉ። አያ ስመኘው ጠበል አሉ። ጠበሉም መድኃኒቱም ይሁን አልኩ። አሁን ማን ከማን ይጣላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ቤት ገብተናል። ከበሩ አልፌ የምሄደው ፋርማሲ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ በኔ ፈንታ የኬሚስትሪው መምህር ገብቷል አሉ። እሱ አንጎልን ምን ብሎ ይጨርሰው ይሆን?

የኔታ በግራ እጃቸው ይበላሉ። ተደግፈው ይቆማሉ። ጧት ጧት ተማሪዎቹ መጥተው አልጋቸው ዙሪያ ተቀምጠው ይናገራሉ። ይሰሟቸዋል። ስህተት ስትመጣ ግራ እጃቸው ብድግ ትላለች፤ አንዲት አታመልጣቸውም! የሚገባው ክፍል ደህና ነው ማለት ነው። የሚወጣው ነው የተዘጋው። ሰዉ ተሳፍሯል፣ መኪናው ተነስቷል፣ መንገዱ ዝግ ነው... የዚህ አገር ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ያ ብሮካ የተባለው ሐኪም አንድ ህመምተኛ ነበረው፤ የሚናገረው «ታን» ብቻ ነበር። ምን ቢጠይቁት «ታን»። በየዓመቱ ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ይስቃሉ። ለየኔታ የቀረችላቸው እሺ ናት። ከሺህ ቃል መሃል እሺ! በሕይወታቸው እሺ ብለው የማያውቁ ሰውዬ!

ዛሬ ክፉ ነገር አደረግሁ። ልፈትናቸው ብዬ «የኔታ፣ በስቅለት ዓርብ ዶሮ ወጥ ልሥራልዎ?» አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ወዲያው ገባቸው። ያሉት ገባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። እጃቸውን ብስም ብስም አልዞር አሉኝ። ምን ነክቶኝ ነው?

እሑድ፣ ኅዳር 8

መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ እልልታ። የኛ ቤት! በሩ ላይ የማላውቀው ጫማ ተደርድሯል። እትዬ ሀብትነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እናት!»

የወንዳወቅ ሽማግሌዎች መጥተው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ብለው ነው አሉ። መምሬ ይርሳው ናቸው መሪያቸው፤ ከየኔታ ጋር በአንድ ጉባኤ የተማሩት። ቆመው ነገሩን ተናገሩ። አያ ስመኘው ወደ አልጋው ዞረው «ምን ይላሉ?» አሏቸው።

የኔታ እሺ አሉ።

በቃ። ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ቀን የሚቆረጠው ከገና በኋላ፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ። እኔ ፋርማሲ ተሰልፌ ሳለሁ ተዳርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከአያ ስመኘው ጋር ተጣላሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። ዛሬ አደረግሁት።

«እሺ ማለት ብቻ ነው የቀራቸው! እሳት ላይ እንጣልዎ ቢሏቸውም እሺ ነው የሚሉት!»

«ደጋግመን ጠይቀናል። በደጋገምን ቁጥር እሺ ብለዋል።»

«እሱን ነው እኮ የምልዎ!»

በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ አደይ። ወንድሜ አፉ ታሰረ እንጂ ልቡ እንዳለ ነው ብዬ ነው ለሰዉ የምናገረው። ተማሪዎቹ ያልተበተኑት በዚህ ነው። አንቺ ወጥተሽ ቃሉ ባዶ ነው በይ እስቲ። ነገ የጉባኤውን ወንበር ለሌላ ይሰጡታል። ያን ጊዜ ነው የሚሞተው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ እንድወጣ የኔታ መውደቅ አለባቸው። ሁለታችንም አንዲት ቃል ውስጥ ተቆልፈን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አናውቅም።

ማታ እግራቸውን ሳጥብ ጠየቅኳቸው። «የኔታ፣ ወንዳወቅን ላግባ?» «እሺ።» «አላግባ?» «እሺ።» ዓይናቸውን ትኩር ብዬ አየሁት። ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ይፈልጉ ይሆን? ልጃቸው ሳትዳር እንዳይሞቱ ይፈሩ ይሆን? አላውቅም። አባቴን አላውቃቸውም ለካ... የማውቀው ንግግራቸውን ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ኪዳን ሲደርስ ነቃሁ። ሌላ ድምፅ አለ... ከቅርብ... ከጓዳው ወዲህ። ብድግ ብዬ ገባሁ። የኔታ! ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር ያዜማሉ። ግዕዙን! ቃሉን አንድም ሳይገድፉ፣ ያ ጠማማ አፋቸው እየተቃና!

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲያልቅ «የኔታ! ተናገሩ እኮ!» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። ታገሉ... «እሺ።»

አያ ስመኘው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ፊታቸው በርቷል። «አየሽ! አየሽ አይደል? ይናገራሉ! ታዲያ እምቢ ማለት ሲፈልጉ ምን ይከለክላቸዋል?»

ወይ ጉድ። የተከፈተልኝ በር መልሶ እኔኑ ዘጋብኝ። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የኔታ አፋቸው ተፈቷል፤ እንግዲህ እሺታቸው እሺ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ኔትወርክ መጣ። አጥሩ ጥግ ላይ ብቻ ይሠራል። ፍሬሕይወትን አገኘኋት፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፣ አሁን ባሕር ዳር ሐኪም ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ሠርጉን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ እንደማልስቅ ሲገባት አቆመች።

«ዜማ በቀኝ በኩልም ይሄዳል» አለችኝ። «በቃል የተያዘ ነገርም፣ ጸሎት፣ መቁጠር፣ መሳደብ ሳይቀር፣ ሳያስቡት ይወጣል። አዲስ ሐሳብ አውጥቶ መናገር ነው የሚያቅተው። ግን በዜማ ልታስጀምሪው ትችያለሽ። ቃሉን አዚሚላቸው። ግራ እጃቸውን ይዘሽ ምት ምቺ። አጭር ቃል። በየቀኑ...» ተቋረጠ።

በቀኝ በኩል... ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ነበር ያከኩት። ለልጁ እንዲህ በይው ያሉኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ዛሬ! ዛሬ!

ሰሞኑን «ውሃ»ን በአራራይ ዜማ እያዜምኩ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስመታለሁ። እሺ ትመጣለች። መልሰን እንጀምራለን። እሺ። ደግሞ። ድምፄ አያምርም፤ የኔታ ዜማውን ሳበላሸው ግንባራቸውን ይቋጥራሉ። እትዬ ሀብትነሽ «ምነው እናንተ፣ ቤቱን ማኅሌት አደረጋችሁት» እያሉ ይስቁብናል።

ዛሬ ጧት የኔታ ራሳቸው ዜማዬን አረሙ። እጄን ገፍተው፣ ጉልበታቸውን ራሳቸው እየመቱ፣ በትክክለኛው ዜማ «ው—ሃ» አሉ።

አመጣሁ። ጠጡ። የፈለጉት ውሃ ነበር! እትዬ ሀብትነሽ እልል አሉ። በዚህ ቤት የወደድኩት የመጀመሪያው እልልታ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

«ጨው» አለን። «ውጪ» አለን። «እምቢ» ግን የለንም።

«እም—ቢ» እያልኩ ስጀምር አፋቸውን ይገጥማሉ። እጃቸውን ከእጄ ይነጥቃሉ። ለውሃ የሚደክሙትን አንዷን ቅንጣት ለዚች አይደክሙም። ዛሬ ጮህኩባቸው። «አንዲት ቃል! ለኔ አንዲት ቃል! የማንንም ተማሪ ስህተት ሲያርሙ ኖረው፣ የራስዎን ስህተት አያርሙም?» አሁንም አፋቸውን ገጥመው አዩኝ። አልተቆጡም።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ይፈልጉታል እንግዲህ። የምር ነበር እሺ ያሉት። እኔ ነኝ ስትሮኩን ሰበብ ያደረግሁት... ወይስ ቃሉ ከበዳቸው? ከ«ጨው» ይከብዳል? ኧረ አይከብድም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ወንዳወቅ መጣ። ጤፍ ይዞ። ከየኔታ ጉልበት ስሞ ተቀመጠ። ልሸኘው ስወጣ ፊት ለፊት ነገርኩት።

«ወንዳወቅ፣ ውለታህን አልረሳም። ላገባህ ግን አልፈልግም።»

ደነገጠ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አደረገ። «ሰው አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አልፈልግም ብቻ ነው። ሥራዬን እፈልጋለሁ።»

«ሽንዲ ከተማ መጋዘን እየከፈትኩ ነው፣ ቤትም አለ። ማስተማሩ ምን ያደርግልሻል?» አለ፣ ከልቡ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «አደይ፣ እኔስ ምን ላድርግ? የሄደ ሽማግሌ እንዴት ብዬ ልመልስ? አባትሽ እሺ ብለዋል። መሪጌታን ዋሹ ልበል?»

እሱም ታስሯል። አሳዘነኝ። ካዘንኩለት በኋላ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ ለማን ለማን ላዝን ነው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ተማሪዎቹ የኔታን ቤተ ክርስቲያን ይዘዋቸው ሄዱ፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው ቆሙ ማለት ይቻላል። ሰዉ ሁሉ «መቼ ነው?» ይለኛል። ሽማግሌዎቹና አያ ስመኘው ለእሑድ ተቀጣጥረዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ነገ ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። እትዬ ሀብትነሽ ከጧት ጀምሮ ጠላ ይላሉ፣ ብርጭቆ ይላሉ።

መውጫ አለኝ። አንዲት ጥያቄ ናት። ሁሉም በተሰበሰበበት፣ መምሬ ይርሳው ባሉበት፣ «የኔታ፣ በስቅለት ዓርብ ዶሮ ይበላሉ?» እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። ያኔ ሁሉም ያያል። የእሺው ነገር ያበቃል፣ ሠርጉ ያበቃል... የኔታም ያበቃሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ አንዴ አይቻለሁ። ያኔ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ካልጠየቅኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ የማልቀው። ሽንዲ፣ መጋዘን፣ ጆንያ። ምን ላድርግ? ማንን ልጠይቅ? የሚጠየቁት እኮ እሳቸው ነበሩ።

እሑድ፣ ጥር 4

ሳልረሳው ልጻፈው።

መጡ። መምሬ ይርሳው፣ ሌሎች ሁለት፣ አያ ስመኘው በአዲስ ጋቢ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። የኔታ ወንበራቸው ላይ፣ መቋሚያቸው በግራ እጃቸው። እኔ ከጓዳው በር ቆምኩ።

መምሬ ይርሳው ተነስተው «እንግዲህ መሪጌታ፣ በኅዳር የሰጡንን ቃል ይዘን መጥተናል። ቀኑን ይቁረጡልን፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይሁን?» አሉ።

የኔታ ታገሉ። አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ መጣ። «እሺ» አሉ።

አያ ስመኘው ብርጭቆ አነሱ። እኔ ወደ መሃል ገባሁ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። «ቆዩ» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። «የኔታን አንድ ነገር ልጠይቃቸው።» አያ ስመኘው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «የኔታ፣ በስቅለት...»

የኔታ አዩኝ። ምን ልጠይቅ እንደሆነ አውቀዋል። አልለመኑኝም፣ አልተቆጡም። ብቻ ጠበቁኝ። አቃተኝ። ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ እኔም አፍ አጣሁ! እዚያ መሃል ቆሜ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ አንድ ቃል አልወጣ አለኝ። አያ ስመኘው «በይ በቃ፣ ግቢ ወደ ጓዳ» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ፈገግ አለ።

መቋሚያው መሬቱን መታ።

የኔታ እንደገና መቱ። ከዚያ በዜማ፣ ቀስ ብለው፣ ሳብ አድርገው፣

«ት—ና—ገር!»

በሩ ላይ ያሉት ተማሪዎች እንደ አንድ ሰው ቀጥ አሉ። መምሬ ይርሳው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የኔታ ሦስተኛ መቱ። «ትናገር!» ጥርት ያለ። እኔ ያላስተማርኳቸው። አንድ ቀን አብረን ያላዜምናት። ይናገር ነበር የሚሉት ሁልጊዜ፤ ዛሬ ለኔ ብለው ትናገር አደረጓት!

ያኔ ገባኝ። እምቢን ለምን እንዳልተማሩልኝ። ለማን ቅኔ ቆጥረው ሰጥተው ያውቃሉ?

«መምሬ» አልኩ። ማንም ጉሮሮውን አልጠረገም። «ወንዳወቅ ደግ ሰው ነው። ባለውለታዬ ነው። ላገባው ግን አልፈልግም። እምቢ ብያለሁ።»

መምሬ ይርሳው አዩኝ። «የኅዳሩ እሺስ ልጄ?»

«የኅዳሩን እሳቸው ያውቃሉ። የዛሬውን ግን ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ሽማግሌው ወደ የኔታ ዞሩ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዋርካው ሥር እንደሚቀመጡት። መምሬ ይርሳው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ከሳቸው ጋር ስንማር እኔም ተንተባትቤ በሳቅ የጨረሱኝ ቀን ነበር» አሉ ለጓደኞቻቸው። «ይናገር ብለው ያስጨረሱኝ እሳቸው ነበሩ። እኛ ጋ ይናገር ከተባለ በኋላ ከሰው አፍ አይነጠቅም። ተነሱ፣ እንሂድ። ለልጁ እኔ እነግረዋለሁ።»

ተነስተው የየኔታን ጉልበት ስመው ወጡ። አያ ስመኘው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ተከተሏቸው። እትዬ ሀብትነሽ «ጠላው ሁሉ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ለተማሪዎቹ ቀዳንላቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

አያ ስመኘው አያናግሩኝም። ሲመጡ ለየኔታ ብቻ ሰላም ይላሉ። ወንዳወቅ በባጃጅ ሰው ልኮ «እግዚአብሔር ይማራቸው፣ ጤፉን ይብሉት» ብሏል። ጨዋ ነው አልኩ አይደል።

«አደይ» ለማለት ስንሞክር ሰነበትን። አልመጣችም። ትምጣ ስትፈልግ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ጉባኤው ዋርካው ሥር ተመልሷል። ተማሪዎቹ አልጋቸውን ተሸክመው ያወጣሉ፣ ተራ ገብተው ያጥቧቸዋል። እንደ ድሮው መቋሚያ ይመታሉ፣ ይናገር ይላሉ፤ ውሃ፣ ጨው፣ ውጪ ይላሉ። ሌላው ሁሉ አሁንም እሺ ነው። ማንም ወንበሩን የጠየቀ የለም።

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው። ነገን ማን ያውቃል። ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሲጮህ ይሰማኛል፤ «ቡሬ! ቡሬ የሞላ!» አስራ አንደኛ «ሐ» እየጠበቀኝ ነው። የዚያ ልጅ መልስ አለብኝ። ከቀኝ ጆሮ በላይ ነው እለዋለሁ፤ መጽሐፉ ላይ ባይኖርም።

ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። «የኔታ፣ ልሂድ?»

ታገሉ። ከግንባራቸው ጀምሮ ታገሉ።

«እሺ» አሉ።

«ልቅር?» ብላቸውም እሺ ይሉ ነበር። አውቃለሁ። አልጠየቅኳቸውም። ይቺን እሺ አምኛት ሄድኩ።